የአያቴን ኩታ ጥለት ቆርጬ ፍሬም ላስገባው ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? (ደሴ)

ጦሳ_ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ሸዋ በር። አያታችን የተወችልን የእንጨት ሳጥን አለ። ውስጡ ጥልፍ ቀሚስ ከነመቀነቱ፣ ሰፊ ጥለት ያለው ኩታ፣ ያረጀ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ ትልልቅ ቢጫ ዶቃ የተሰካበት የአንገት ጌጥ፣ ማንጠልጠያ የተበየደላቸው ጠገራ ብሮችና ቆዳው የተቀደደ አገልግል ይገኛል። ከሳጥኑ ውጭ ደግሞ በእጅ የምትዞር ሲንጀር የስፌት መኪና አለች።

አሁን የቸገረኝ ኩታው ነው። መሃሉን ብል በልቶታል፣ ብዙ ቦታ ተበሳስቷል። ጥለቱ ግን አዲስ ነው ብትባሉ ታምናላችሁ። ካፌ የከፈተ ጓደኛዬ «ጥለቱን ቆርጠህ ፍሬም ውስጥ አስገብተህ ስጠኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው፣ ደህና ብር እከፍልሃለሁ» አለኝ። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ አኩርፋለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቧንቧ_ውሃ
እናትህ ካኮረፈች ክርክሩ አልቋል ወንድሜ። አብሽር፣ ካፌው ሌላ ይፈልግ።

የሸማኔው_ልጅ
መቀሱን አስቀምጥና መጀመሪያ ኩታውን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የጥለት ሥራ የሚነበበው ከጀርባው ነው። ሸማኔ በእጁ የሠራው ከሆነ ባለ ቀለሙ ክር ከነጩ ማግ (በአግድም ከሚገባው ክር) ጋር ተጨምሮ የገባ ነው። ሸማኔው ድሩን (በቁመት የተወጠረውን ክር) በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ቀለሙን ያሳልፋል፣ ቅርጹ ያለቀበት ቦታ ላይ ክሩን አጥፎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከጀርባም ቅርጹ ይታያል፣ ክሩ የታጠፈበትም ይለያል። የመኪና ጥልፍ ከሆነ ግን ከጀርባው ቀጭን የታች ክር ታያለህ፣ ቀለሙም ከጨርቁ በላይ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጥቶ ወይም ጭራሽ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛ፣ ከተበሳው ቦታ ላይ አንድ የማግ ክር ምዘዝ። ውፍረቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የእጅ ፈትል ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ የፋብሪካ ነው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ሆኖ ታገኘዋለህ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የፋብሪካ ክር ገበያ ከገባ ወዲህ ሸማኔ ለድር እሱን ይመርጣል፣ ሲወጠር ቶሎ አይበጠስበትም።

ሦስተኛ፣ ብል ያልከውን አልቀበልም። ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው። ንጹሕ ጥጥ አይበላም። ቀዳዳዎቹ በመስመር ከተደረደሩ ኩታው ለዓመታት ታጥፎ የኖረበት መስመር ነው፣ ክሩ እዚያ ላይ ደክሞ ተሰብሯል። ቀዳዳው ቆሻሻ ወይም የምግብ ነጠብጣብ የነበረበት ቦታ ላይ ከሆነ ሌላ ነፍሳት ወይም አይጥ ነው። ደሴ ደግሞ ክረምቷን ታውቃታለህ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። ሻጋታም ሊሆን ይችላል። ብሉን መፈለግ ያለብህ ባናው ላይ ነው።

ጦሳ_ሥር
አሁን ሄጄ አየሁት። ከጀርባም ቅርጹ ይታያል፣ ክሩም እንዳልከው ይታጠፋል። ቀዳዳው እውነትም በመስመር ነው። ባናው ላይ ትናንሽ ነጭ ነገሮች አሉ… ወይኔ።

የሸማኔው_ልጅ
ባናውን ዛሬውኑ ከሳጥኑ ለይተህ አውጣ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ዘርግተህ በደንብ አራግፍ፣ ስፌቱና እጥፋቱ ውስጥ ያለውን በብሩሽ ጥረግ። ሳጥኑንም ባዶ አድርገህ ስንጥቁን ሁሉ አጽዳ። የሐር ክር ያለበት ነገር ካለህም አብረህ መርምር።

ዲዛይን_ኮምቦልቻ
ከሕዝቡ ልለይ። እኔ ይቆረጥ ባይ ነኝ። ልብስ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ሲበሰብስ «ቅርስ ነው» ማለት አይዋጥልኝም። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን የአያታችንን ሳጥን በዓመት አንዴ እንኳ የምንከፍተው? ካፌ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቢያንስ ወጣቱ ያየዋል።

ደግሞም መቁረጥና መተርተር ባህላችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ባለ ቀለም ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሸማኔው ከውጭ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቶ እየተረተረ ነበር ክሩን ለጥለት የሚያውለው። ዛሬ «ኦሪጅናል» ብለን የምናደንቀው ቀይ ጥለት የሌላ ጨርቅ ሬሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያኔ ሸማኔው «ኧረ የሰው ጨርቅ አይተረተርም» ቢል ኖሮ ጥለቱም አይኖርም ነበር።

ቧንቧ_ውሃ
«የሌላ ጨርቅ ሬሳ» 😂 ይህን ለእናቱ አታሳዩ።

ፈታይዋ
ልጄ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖር። አሁንም እንዝርቴ ከእጄ አልወጣም። ሁላችሁም ስለ ጥለቱ ስታወሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ሰው አላየውም።

ያ ኩታ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጥለቱን ሸማኔው ነው የሠራው። ነጩን ግን ፈትላ የሰጠችው አያትህ ናት፤ በእጅ የተፈተለ መሆኑን ራስህ መዝዘህ ታየዋለህ። በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ጥጡን ከገበያ ገዝታ ትዳምጣለች፣ ፍሬውን ታወጣለች። በደጋን ትነድፈዋለች። ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚያ ቡና ስታፈላም፣ ጎረቤት ጋ ስትጫወትም እንዝርቷን እያሾረች ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሲጠራቀም ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ከተቀመጠ በቀናት ይጨርሰዋል። የእሷ ሥራ ግን ወራት ይበላል፤ ለዚያውም ሌላው የቤት ሥራ ሁሉ ሳይቀርባት።

አሁን አንተ ጥለቱን ቆርጠህ ነጩን «ተበላሽቷል» ብለህ ብትጥል የሸማኔውን አስቀርተህ የአያትህን ጣልክ ማለት ነው። እናትህ ያኮረፈችው ለዚህ ይመስለኛል። በአፏ ባትለውም።

ጦሳ_ሥር
እትዬ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናቴን ጠየቅኳት፤ «አዎ የእሷ ፈትል ነው፣ የፈተለችው እኔን አርግዛ ነው» አለችኝ። እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላት «መች ጠየቅከኝ» አለች።

ዲዛይን_ኮምቦልቻ
እሺ እትዬ ፈታይዋ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ይህኛው ኩታ አይቆረጥ። በጠቅላላው ሐሳብ ላይ ግን አልተሸነፍኩም። ፈታይዋም ሸማኔውም ያልታወቀ፣ ግማሹ የነተበ ነጠላ ካገኘሁ ቦርሳ አደርገዋለሁ።

ፈታይዋ
አድርጊው ልጄ፣ ማን ከለከለሽ። ብቻ ነጩንም ገበር አድርጊበት።

ባህር_ማዶ
ከለንደን ነው የምጽፈው፣ የትውልድ ቦታዬ ግን እዚያው ደሴ ነው። ሳትቆርጡ ስለማሳየት ካነሳችሁ አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። እዚህ ቪክቶሪያ እና አልበርት በሚባለው ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከወሰደው ብዙ ንብረት አንዱ ነው። መቅደላ ደግሞ የት እንደሆነች ለእናንተ አልነግርም፣ የራሳችሁ ደቡብ ወሎ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018፣ 150ኛው ዓመት ሲታሰብ ለዕይታ አውጥተውት ነበር። የጥጥ ቀሚስ ነው፣ በሐር ክር የተጠለፈ። ፊት ለፊቱ ቆሜ መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ቀጥሎ ያስተዋልኩት ግን ጥልፉ ያማረው ሰፊው ሜዳ ነጭ ስለሆነ ነው። ጥልፉ ብቻ ተቆርጦ ቢቀመጥ ኖሮ የቀሚስ ቁራጭ እንጂ የእቴጌ ቀሚስ አይሆንም ነበር።

የሸማኔው_ልጅ
በጣም ትክክል። ለመስቀል ከፈለግህ ደግሞ ሳትቆርጥ ይቻላል። የተጎዳውን ነጭ ክፍል ወደ ኋላ አዙረህ ታስቀምጠዋለህ። መታጠፊያው ላይ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለህ ታስገባለህ፣ ስለዚህ እጥፋቱ ሹል አይሆንም። ከላይ በኩል ከጀርባው ረጅም የጨርቅ ቱቦ በእጅ ትሰፋና ዘንግ ታሳልፍበታለህ። ክብደቱ በዘንጉ ሙሉ ላይ ይከፋፈላል። በሁለት ሚስማር ጥግና ጥግ የተሰቀለ ጥለት ግን መሃሉ ይረግባል፣ ቀስ በቀስ ይቀደዳል። መስታወት ካደረግክበት መስታወቱ ጨርቁን እንዳይነካ ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ላበት ይይዝና ይሻግታል።

ካፌ ግን አልመክርም። የቡና ጭስ፣ ዕጣን፣ የመስኮት ፀሐይ… ቀይ ቀለም በፀሐይ ሲሄድ ማንም አያስተውለውም፣ አንድ ቀን ስታወርደው ነው ጀርባውና ፊቱ የተለያየ ሆኖ የምታገኘው። ጓደኛህ ጥለት ከወደደ ለምን አዲስ አያሠራም? ሥራ የፈታ ስንት ሸማኔ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ታች ወረድ ካልክም በሽመና ስማቸው የታወቀ አርጎባዎች አሉ። ለግድግዳ የሚሆን ሰፊ ጥለት በፈለገው ቀለም ይሠሩለታል፣ ገንዘቡም በሕይወት ላለ ሰው ኪስ ይገባል።

ሸዋ_ለቅሶ_ቤት
ካፌው ሲሰቅለው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ እንዳይሰቅለው ንገሩት። ጥለት ወደ ላይ ለብሰን የምንሄደው ለቅሶ ነው። ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው «ነፍስ ይማር» እንዳይል።

ቧንቧ_ውሃ
የስምህ ነገር 😂

የባቲ_ሰኞ
ማንም ስለ ብሮቹ አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ያደገ ሰው ጠገራ ብር ሲያይ እጁ ያሳክከዋል።

በመጀመሪያ፣ ሁሉም ላይ 1780 የሚል ታገኛለህ። ሰው ይህን አይቶ «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ ይጣላል። አይደለም። ብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ነጋዴውም ተጠቃሚውም ያንኑ መልክ ስለለመደ በዚያው ዓመተ ምሕረት መምታቱ ቀጠለ። ቪየና መታው፣ ለንደን መታው፣ ሙሶሊኒም አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ አስመታው። ስለዚህ 1780 ማለቱ ዕድሜውን አይነግርህም። የምኒልክ ብር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ፓሪስ የተመታ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ በእኛ አቆጣጠር 1887 ይላል።

ሁለተኛ፣ ክብደቱን ለካ። ደህናው ጠገራ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ማንጠልጠያ ስለተበየደበት ትንሽ ይጨምራል። ማግኔት ከሳበው አትድከም። ጠርዙን ዙሪያውን ተመልከት፣ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለበት። አሸዋ ላይ ቀልጦ የተቀዳ አስመሳይ ጠርዙ ድፍን ወይም ሻካራ ነው። ድሮ ባላገሩ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የሉል ጌጥ ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። ዘጠኝ ሉል ካልታየው «የተበላ ነው» ብሎ ይመልሳል። የአገራችን የገንዘብ ባለሙያ ማለት ያ ሰው ነው።

ሦስተኛው አደራ ነው፦ በአመድም ሆነ በሎሚ እንዳትፈትገው። ጥቁረቱ ገላው ነው። ስታበራው ያደከምካት ንግሥቲቱን ነው፣ ፊቷ ይጠፋል። አንጥረኛ ጋ ወስደህ ቀልጦ ቀለበት እንዲሆን ማድረግማ አይነሳ።

ጦሳ_ሥር
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስለ ቢጫው ዶቃስ? ሰው ሁሉ «አምበር (ደርቆ የጠጠረ የጥንት ዛፍ ሙጫ) ነው፣ በወርቅ ዋጋ ይሸጣል» ይለኛል።

የባቲ_ሰኞ
«በወርቅ ዋጋ» ያለህ ሰው ሊገዛህ ካልፈለገ ጥሩ ነው። በብዛት የሚገኘው አውሮፓ ውስጥ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ዶቃ ነው፣ ባኬላይት ይሉታል። እሱም አርጅቷል፣ እሱንም የሚሰበስቡ አሉ፤ ግን አምበር አይደለም።

ቀላሉ መፈተኛ የጨው ውኃ ነው። ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጨው ጨምር፣ አማስል፣ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ድረስ። አንድ ዶቃ ከክሩ አውጥተህ ጣልበት። ባኬላይት ይሰምጣል። አምበር ይንሳፈፋል። ግን ስለተንሳፈፈ ብቻ አትዝለል፣ አንዳንድ ቀላል ፕላስቲክም ይንሳፈፋል። ከሰመጠ አምበር አለመሆኑ ያለቀ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው።

ጥያቄ_አለኝ
ይቅርታ አቋረጥኩ። ክር በእሳት መፈተን የሚባለው እውነት ነው? የእኔ እናት ጥልፍ ቀሚስ ክሩ ሐር ይሁን ሌላ አላውቅም።

የሸማኔው_ልጅ
እውነት ነው። ከስፌት ውስጥ የማትታይ አንዲት ክር ቆርጠህ በፒንሳ ይዘህ አቃጥል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ግራጫ ነው። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ቀሚሱ አጠገብ ግን አታድርገው።

ለማጠብ ካሰብክ ደግሞ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበህ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ጫን አድርገህ ቆይ። ቀለም ከወጣ ቤት ውስጥ አትጠበው።

ፈታይዋ
ቀለም ካልለቀቀ እንዶድ ይሻላል። ነጭ ልብስ በእንዶድ ታጥቦ ሲወጣ እንደሱ የሚያምር የለም። በረኪና የሚባለውን ግን በአላህ፣ ፈትል አጠገብ አታድርሱት። ክሩን ይበላዋል። ቢጫ ቢሆንስ? ይሁን፣ ያረጀ ነገር ቢጫ ይሆናል።

ዲዛይን_ኮምቦልቻ
አገልግሉን ረሳችሁት። ቆዳው ቢቀደድም ውስጡ ያለው ስፌት ነው ዋናው። በአለላ የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ከውስጥ በኩል ድምቅ ብሎ ታገኘዋለህ፣ ፀሐይ ስላልነካው። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቅጦቹን እየሰበሰብኩ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው መሶብ ግማሹ ከማዳበሪያ ጆንያ በተተረተረ ክር የተሰፋ ነው። እኔ ደግሞ አልጠላውም፣ ስንደዶና አክርማ የሚነቀልበት ሜዳ እየታረሰ ሰፊዋ ምን ታድርግ?

ፈታይዋ
አይ፣ እሱስ እንጀራ ያልበዋል። ስንደዶ ይተነፍሳል። ለጌጥ ከሆነ ይሁንልሽ።

ባህር_ማዶ
ጦሳ_ሥር፣ ብሮቹን ወይም ቀሚሱን እዚህ ልከህ ብትሸጥ…

አስተናጋጅ
እዚህ ላይ ልግባ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጥርጣሬ ካለ የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ነው። በዚህ መድረክ ላይም የውጭ ሽያጭ አናስተናግድም።

ባህር_ማዶ
ልክ ነህ፣ መልሼ ወስጃለሁ። ስለ መቅደላ አልቅሼ ስጨርስ ይህን መጻፌ ራሱ ያስቃል።

የሸማኔው_ልጅ
በነገራችን ላይ ደሴ ሙዚየም፣ ያ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው፣ በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ በኋላ በየቤቱ ያለው ሳጥን ይበልጥ የሁላችን ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ለማንም ስጥ እያልኩህ አይደለም። ግን እናትህ የምታስታውሰውን ጻፍ። ማን ፈተለው፣ ማን ሠራው፣ ለየትኛው ሠርግ ወይም ለየትኛው በዓል ተለበሰ። ወረቀቱን ከልብሱ ጋር አስቀምጥ። ያለ ታሪክ የተገኘ ኩታ ዋጋው ግማሽ ነው፣ በገንዘብም በሌላውም።

ጦሳ_ሥር
እናቴ መናገር ጀምራለች፣ ስልኬ ላይ እየቀዳኋት ነው። ኩታውን አልቆርጥም። ጓደኛዬ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ አዲስ አሠራ ስለው «ያረጀ መምሰል አለበት» ይላል። ያረጀ እንዲመስልማ አርባ ዓመት ይጠብቅ። ዶቃውን በጨው ውኃ ሞከርኩት፣ ድብን ብሎ ሰመጠ። እህቴ ግን እንዲያውም ደስ አላት፣ «በቃ ሳልፈራ ላድርገው» ብላ አንገቷ ላይ ነው ያለው።

ሲንጀር_በረንዳ
ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ፒያሳ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ መኪናዋ ማንም አልጠየቀም እንዴ? ከታች በቀኝ በኩል እግሯ ላይ ቁጥር አለ። በፊደል ይጀምራል። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ የመጀመሪያው «ኢ» ከሆነ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ፋብሪካ የተሠራች ናት። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለችውን የነሐስ ምልክት እያት፣ ጠርዟ ምን ዓይነት ነው?

ጦሳ_ሥር
በ«ኢ» ይጀምራል! ምልክቷ ጠርዟ ሰማያዊ ነው፣ 1851–1951 የሚል ተጽፎባታል።

ሲንጀር_በረንዳ
እንግዲያው የመቶኛ ዓመት መታሰቢያዋ ናት፣ ሲንጀር መቶ ዓመት ሲሞላው ያወጣት። የወርቅ ቀለም ሥዕሏን አልኮል እንዳታስነካው፣ ይገፈዋል። የምግብ ዘይትም አታጠጣት፣ ይደርቅና ያጣብቃታል፤ የስፌት መኪና ዘይት ግዛ። ቀስ ብለህ ጎማዋን ወደ ራስህ አዙር፣ ካስቸገረች አታስገድዳት፣ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድራት። የታች ክር ማመላለሻዋ ረጅም ናት ወይስ ክብ? ረጅሟ ከሆነች አደራ እንዳትጠፋብህ፣ ምትኳ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ ጋ አንዲት ትርፍ አለችኝ፣ ካስፈለገህ ብቅ በል።